የዙበይር ዕዳና የዙበይር ርስት

 

አንባቢ ሆይ፥ በደብረ ታቦር ገበያ ሱቅህን ከፍተህ የምትውል ነጋዴ ብትሆን፥ ወይም በእስቴ፥ በፎገራ፥ በእብናት ከቤተ ሰብህ ጋራ የምትኖር አባወራ ብትሆን፥ አስቀድመን አንድ ነገር እንጠይቅህ። ዛሬ ሌሊት የሞት መልአክ ቢመጣብህ፥ በእጅህ ካለው ገንዘብ የትኛው የራስህ፥ የትኛው የሰው እንደ ሆነ ልጅህ ለይቶ ያውቃልን? ቤትህ በማን ዘንድ በመያዣ እንደ ተመዘገበ ሚስትህ ታውቃለችን? ከጎረቤትህ በቃል ብቻ የተበደርኸውን፥ ለዘመድህም በቃል ብቻ ያበደርኸውን የጻፍህበት መዝገብ አለህን?

ይህን የምንጠይቅህ ልናስፈራራህ ብለን አይደለም። ወደ ፍርድ ቤት ደጅ ሄደህ በዚያ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ሰው ተመልከት። ስለ ቤትና ስለ ቦታ፥ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና የሚሟገተው ሁልጊዜ ባዕድ ከባዕድ ጋራ አይደለም፤ ወንድም ከወንድሙ፥ የሟች ልጅ ከእንጀራ እናቱ፥ ወይም ከአባቱ የልብ ወዳጅ ጋራ ሆኖ ታገኘዋለህ። አባት ይሞታል፤ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ወራሾች ሱቁንና ቤቱን ይካፈላሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ወረቀት የሌለውም ምስክር ቆጥሮ ይመጣል። በዚያን ጊዜ አንዱ ልጅ ድርሻውን ሸጦ ገንዘቡን ጨርሶታል፥ ሌላው በድርሻው ላይ ግንብ አቁሞበታል፥ ሦስተኛው አባቴ ዕዳ የለበትም ብሎ ለመማል ይነሣል። ገንዘቤን መልሱልኝ የሚለው ሰው ደግሞ ከአባትየው ጋራ ቡና የጠጣ፥ ሲሞትም ጀናዛውን የተሸከመ ነው።

እንግዲህ ከዐረብኛ መጻሕፍት ወደ ዐማርኛ መልሰን የምናቀርብልህ ታሪክ ብዙ ርስትና ብዙ ዕዳ ትቶ የሞተ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ነው። የዕዳው አከፋፈል በኢማም አልቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ቍጥሩ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ሰውዬው ዙበይር ኢብን አልዐዋም ነው፤ አላህ ሥራውን ይውደድለት።

ዙበይር በመካ ከቁረይሽ ነገድ ተወለደ። እናቱ ሶፊያ የነቢያችን የአባታቸው እኅት ነበረች፤ አባቱ አልዐዋም ደግሞ የእመ ምእመናን ኸዲጃ ወንድም ነበረ። ስለዚህ በእናቱም በአባቱም ወገን ለነቢዩ ቤት ቅርብ ነበረ ማለት ነው። ገና ጕልማሳ ሳይሆን እስላም ሆነ። አጎቱ ይህን በሰማ ጊዜ በሰሌን ጠቅልሎ እሳት እያጨሰ ሃይማኖቱን እንዲክድ ያስጨንቀው እንደ ነበረ ይተረካል። እርሱ ግን አልተመለሰም።

ይህ ሰው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመካ ሰዎች ግፍ በበረታ ጊዜ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ615 ዓመት፥ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ንጉሥ ወደ ነጃሺ እንዲሰደዱ ባዘዙ ጊዜ፥ ባሕር ተሻግረው ከመጡት መካከል አንዱ ዙበይር ነበረ። በዚያም ሳሉ በነጃሺ ላይ አንድ ዐመፀኛ ተነሣና ጦርነት ሆነ። ስደተኞቹ እጅግ ተጨነቁ፤ ያስጠጋቸው ንጉሥ ቢሸነፍ የሚመጣው ሌላ ሰው መብታቸውን ያውቅላቸው ዘንድ ተስፋ አልነበራቸውምና። ወደ ጦርነቱ ሥፍራ ሄዶ ወሬ የሚያመጣ ማን ነው በተባለ ጊዜ፥ ከሁሉ በዕድሜ ታናሽ የነበረው ዙበይር ተነሣ። ስልቻ ነፍተው ከደረቱ ሥር አደረጉለት፤ በዚያ እየተንሳፈፈ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። ታሪኩን ያወሩት እመ ምእመናን ኡሙ ሰላማ ወንዙን ዓባይ ብለው ይጠሩታል። የጣና ዳር ሰው ስልቻ ነፍቶ ውሃ መሻገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሳይነገረው ያውቃል። ነጃሺ ድል አደረገ፤ ዙበይርም በሩቁ ልብሱን እያውለበለበ የምሥራቹን ይዞ ተመለሰ።

በዚያው በስደቱ ዘመን፥ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስላሞች የተናገረው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በሐበሻ ምድር ወንድ ልጅ ወለደ፤ ስሙንም ዐብደላህ አለው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልጅ አትርሳው፤ አርባ ዓመት ያህል አልፎ ወደ ታሪካችን ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ዙበይር ወደ መካ ተመለሰ፤ ቀጥሎም ወደ መዲና ተሰደደ። በበድርና በኡሑድ፥ ነቢዩም በዘመቱበት ዘመቻ ሁሉ ተዋግቷል፤ በሕይወቱ ሳለ የጀነት ምሥራች ከተነገራቸው ዐሥር ሰዎች አንዱም ነው። የጦር ታሪኩ ረዥም ነው፤ የእኛ ነገር ግን ከርስቱና ከዕዳው ጋራ ስለ ሆነ በዚህ እናልፈዋለን።

በመዲና መጀመሪያ ዘመን ዙበይር ድኻ ነበረ። የአቡበክር ልጅ አስማ ስታገባው ከአንድ ፈረስና ከአንድ የውሃ መቅጃ ግመል በቀር መሬትም አሽከርም ገንዘብም አልነበረውም። ፈረሱን የምትቀልበው፥ ውሃ የምትቀዳው፥ አቁማዳውን የምትሰፋው እርሷው ነበረች፤ እንጀራ መጋገር ስላልሆነላትም የጎረቤት ሴቶች ይጋግሩላት ነበረ። በኋላ ነቢዩ ለዙበይር ጥቂት መሬት ሰጡት። መሬቱ ከከተማው ራቅ ያለ ስለ ነበረ አስማ የተምር ፍሬውን በራሷ ተሸክማ ትመለስ ነበረ፤ ይህም አባቷ የፈረሱን ሥራ የሚሠራላት አሽከር እስከ ላከላት ድረስ ቆየ። በኋላ የሚሊዮን ዋጋ ያወጣው ሀብት የተጀመረው በዚህች መሬትና በዚች ሴት ጫንቃ ላይ መሆኑን ያየ ሰው፥ በባልና በሚስት ንብረት ክርክር ላይ የሚስት ድካም እንደ ኢምንት ሲቈጠር ሊያፍር ይገባዋል።

ዙበይር በመሬት ምክንያት ተከስሶ ያውቃል። በመዲና አጠገብ ሐራ በሚባለው ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ላይ ተምር የሚጠጣበት የውሃ ቦይ ነበረ። የዙበይር አጸድ ከላይ፥ የአንድ የመዲና ተወላጅ አጸድ ከታች ነበረ። የታችኛው ሰው ውሃው ሳይታገድ እንዲለቀቅለት ፈለገ፤ ዙበይር እንቢ አለ፤ ነገሩም ወደ ነቢዩ ቀረበ። ነቢዩ መጀመሪያ የሰጡት ፍርድ የማስታረቅ ፍርድ ነበረ፤ ዙበይር ጥቂት አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዙት። ሰውዬው ግን ተቈጣ፤ የአክስትዎ ልጅ ስለ ሆነ አደሉለት የሚል ነገር ተናገረ። የነቢዩ ፊት ተለወጠ፤ በዚያን ጊዜ በሕግ የሚገባውን ለዙበይር ፈረዱለት፤ ይኸውም ውሃው እስከ መደቡ እስኪደርስ ድረስ አቁሞ ሙሉ በሙሉ እንዲያጠጣ ነው። የመዲና ሰዎችም ይህን ለክተው ቁርጭምጭሚት የሚያህል አደረጉትና የላይኛው ሰው ድርሻ ልክ ሆኖ ቀረ።

ይህን ነገር ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና በሚገቡት በርብና በጉማራ ውሃ ሽንኩርት የሚያጠጣ የፎገራ ገበሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል። የቦይ ጠብ ዛሬም አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያ የመዲና ሰው በእርቅ ብዙ ውሃ አግኝቶ ነበረ፤ እርቁን አቃልሎ ሕጉ ይውረድልኝ ባለ ጊዜ ያነሰ አገኘ። ሽማግሌ ያቀረበለትን ትቶ ይግባኝ እያለ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል ፍርድ ቤት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ይኸው ነው።

በኸሊፋዎቹ ዘመን የዙበይር ሀብት እየበዛ ሄደ። ከዘመቻ ድርሻውን ያገኝ ነበረ፤ በግብፅ ዘመቻ የባቢሎንን ምሽግ ቅጥር በመሰላል ከወጡት ፊተኛው እርሱ ነበረ። ይነግድም ነበረ። ነገር ግን አገረ ገዥነት ተሾሞ አያውቅም፤ ግብር ሰብሳቢም አልሆነም። ይህን አውሪዎቹ አስበው ጽፈውታል፤ ሀብቱ ከሹመት የመጣ እንዳይመስልብህ ነው። በመዲና ሰሜን አልጋባ የሚባለውን ሰፊ ርስት በ170,000 ገዛው። በመዲና ዐሥራ አንድ ቤቶች፥ በበስራ ሁለት፥ በኩፋ አንድ፥ በግብፅ አንድ ቤት ነበሩት። ከቤቶቹ ወቅፍ ያደረጋቸው ነበሩ፤ በወቅፉም ባሏ የፈታት ሴት ልጁ ሳትጎዳና ሳትጎዳበት እንድትኖርበት፥ ሌላ ባል ካገባች ግን መብቷ እንዲቀር ደነገገ። የተፈታች ልጁን ማን ያስጠጋታል ብሎ የሚያስብ አባት ይህን ድንጋጌ ያስተውለው።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። እንዲህ ያለ ሀብታም ሰው ዕዳው ከየት መጣ? ተበድሮ ያባከነ አልነበረም፤ የዕዳው ምክንያት መታመኑ ነው። ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው እየመጡ አደራ ያስቀምጡበት ነበረ። እርሱ ግን አደራ አድርጎ አይቀበላቸውም፤ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁና ብድር ይሁን ይላቸው ነበረ።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ የዚህን ነገር ጥበብ አስተውል። አደራ ተቀባይ ጥፋት ሳይኖርበት ገንዘቡ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል አይከፍልም፤ ጥፋቱ በባለገንዘቡ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን በአደራው ሊነግድበት አይችልም። ተበዳሪ ደግሞ ገንዘቡ ቢቃጠልም ቢሰረቅም ይከፍላል፤ ሆኖም ገንዘቡ በእጁ ሳለ ሊሠራበት ይችላል። ዙበይር በዚች በአንዲት ቃል ለባለገንዘቡ ዋስትና ሰጠው፤ ለራሱም የመነገድ መብት አገኘ። ከዋናው በላይ አንዲት ሳንቲም የጨመረም የተቀበለም የለም።

ከዚህ ጋራ በአገራችን የነበረውን ወለድ አገድ አስተያየው። በቀድሞ ዘመን በበጌምድርም በሌላውም ደጋ ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል፤ ተበዳሪው ዋናውን ሲመልስ መሬቱን ይረከባል። ስሙ ወለድን ያገደ ይመስላል እንጂ፥ አበዳሪው በየዓመቱ የሚያፍሰው እህል ምንድን ነው? የሸሪዓ ሊቃውንት ለአበዳሪው ጥቅም የሚስብ ብድርን ከሪባ ይቈጥሩታል። አባትየው ሳይመልስ ሲሞት፥ አበዳሪውም ሲሞት፥ የልጅ ልጆች ገዝተነዋል፥ አልተሸጠም፥ አያታችን አስይዞት ነው እየተባባሉ ዕድሜያቸውን በሙግት ይጨርሱ ነበረ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወለድ አገድ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል፤ የገጠርን መሬት ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የሕዝብ ሲያደርገው፥ ሽያጩንም መያዣውንም ወለድ አገዱንም አብሮ ከለከለ።

አንተ ግን የነጋዴ ልጅ ከሆንህ በዚያ ሙግት ውስጥ አያትህ ባለርስት ሆነው ላታገኛቸው ትችላለህ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ በሰሜኑ ደጋም እስላም በጥቅሉ ከባለርስትነት የራቀ ነበረ። ስለዚህ ወደ ሸማ ሥራና ወደ ንግድ ዞሩ። በይፋግ ገበያና በአጠገቡ ባለችው በነጋዴዎች መንደር በደሪጣ አሞሌ፥ ቡና፥ ሸማ፥ መደበቅም አይገባንምና ባሪያም ጭምር፥ በጠገራ ብር ሲለወጥ ኖረ። መሬት የሌለው ነጋዴ ለአበዳሪው የሚያሲዘው ምን ነበረው? ቃሉን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ እስላሞች ካቀረቡት ጥያቄ አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበረ። በዓመቱም መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ዛሬ በመያዣ የሚሰጠው ቤት ነው፤ እንግዲህ ልጆችህ የሚሟገቱበትም ቤቱ ነው።

ወደ ዙበይር እንመለስ። ኸሊፋው ዑስማን ከተገደለ በኋላ እስላሞች እርስ በርሳቸው ተለያዩ፤ በ36 ዓመተ ሂጅራ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ656፥ በበስራ አጠገብ የግመል ጦርነት የሚባለው ሆነ። በዚያ ስለ ተፈጸመው ነገር ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ በባልደረቦች መካከል የሆነውን ለአላህ ትቶ ምላስን መጠበቅ ይሻላል። በዚያች ዕለት ዙበይር የበኵር ልጁን ዐብደላህን ወደ ጎኑ ጠራው። ዛሬ ተበድሎ እንደሚገደል እንደሚመስለው ነገረው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ዕዳው እንደ ሆነ ገለጠለት፤ ዕዳው ከሀብታችን አንዳች ያስተርፍልን ይሆን ብሎም ጠየቀው። ርስቱን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍል አዘዘው፤ ከተረፈው ላይ ሲሶውን ተናዘዘ፤ ከሲሶውም ሲሶውን ለዐብደላህ ልጆች አደረገ። መክፈል ባቃተው ጊዜ ጌታዬን እርዳታ ለምነው አለው። ዐብደላህ ይህ ጌታ ማን እንደ ሆነ አልገባውምና ጠየቀ፤ አላህ ነው አለው። ዐብደላህም ከዚያ በኋላ በዕዳው ምክንያት በተጨነቀ ቍጥር የዙበይርን ጌታ ይጠራ ነበረ፤ ነገሩም ይቀልለት ነበረ።

ሰይፍና ፈረስ በሚተራመስበት ቀን፥ ከሞት በፊት ጥቂት ሰዓት ሲቀር፥ ይህ ሰው የተናገረው ስለ ጦሩ ሳይሆን ስለ ሰው ገንዘብ ነበረ። ነቢዩ ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበትና መክፈያ መተውን ይጠይቁ እንደ ነበረ፥ መክፈያ ባልተወውም ላይ ራሳቸው ከመስገድ ይቆጠቡ እንደ ነበረ ዙበይር ያውቃል። አንድ ቀን እንዲህ ባለው ጀናዛ ላይ አቡ ቀታዳ ጥቂት ዲናር የሆነውን ዕዳ በራሱ ላይ ሲወስድ ነው የሰገዱለት። በኋላ ሀገር ሲሰፋ ድኻ ሆኖ የሞተውን ሰው ዕዳ ራሳቸው ይከፍሉ ጀመር።

ዙበይር ከጦርነቱ ወጥቶ ሲሄድ የአውሬዎች ሸለቆ በሚባል ሥፍራ ዐምር ኢብን ጁርሙዝ የተባለ ሰው ገደለው። ዲናርም ድርሃምም አልተወም፤ የተወው ርስቱንና ቤቶቹን ነው። ዐብደላህ ዕዳውን ቢቈጥር 2,200,000 ሆኖ አገኘው።

በዚያ ጊዜ የአባቱ አጎት ልጅ፥ ባለጠጋው ሐኪም ኢብን ሒዛም አገኘውና ዕዳው ስንት እንደ ሆነ ጠየቀው። ዐብደላህ እውነተኛውን ደብቆ 100,000 ነው አለ። ሐኪም ሀብታችሁ ይህን የሚችል አይመስለኝም አለ። ዐብደላህ 2,200,000 ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቀው፥ እንደማይችሉት ተናግሮ፥ ካቃታቸው ግን እርሱን እንዲጠሩት አደራ አለው። ዐብደላህ መጀመሪያ ለምን ደበቀ? መቶ ሺሁ በሁለት ሚሊዮኑ ውስጥ ነውና ሐሰት አልተናገረም ብለው ሊቃውንት አስረድተዋል። እኛም የገበያውን ምክንያት እንጨምርበታለን። ባለዕዳ በሐራጅ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከወጣ ገዥ ሁሉ ዋጋ ይሰብራል፤ መቶ የሚያወጣው ቤት በስድሳ ይወሰዳል። ዐብደላህ ቍጥሩን ከገበያ ወሬ ሰወረው እንጂ ከባለገንዘቦቹ አልሰወረም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን በጥንቃቄ ተከተል። አልጋባን በ1,600,000 ዋጋ አወጣው፤ አባቱ ከገዛበት ዘጠኝ እጅ ያህል ማለት ነው። እያንዳንዱ ዕጣ 100,000 እንዲሆን በዕጣ ከፈለው። ቀጥሎም በዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አልጋባ ይምጣ ብሎ አስነገረ። ባለዕዳዎቹን ወደ ቤቱ አላስጠራም፤ በየሰፈሩም አልተደበቀም። ርስቱ በዓይን በሚታይበት ሜዳ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ከመጡት አንዱ ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር ነበረ። አትርሳው ያልንህ በሐበሻ ምድር የተወለደው የጀዕፈር ልጅ ይህ ነው። በዙበይር ላይ 400,000 ነበረው። ቸርነቱ የታወቀ ሰው ነበረና፥ ብትፈልጉ ትቼላችኋለሁ አለ። የዙበይር ልጅ አይሆንም አለ። እንግዲያስ ከምታዘገዩት ዕዳ ጋራ አዘግዩት አለ። ይህንም አይሆንም አለ። በመጨረሻ ከመሬቱ ቈርሳችሁ ስጡኝ ባለ ጊዜ፥ ዐብደላህ ከዚህ እስከዚያ ያንተ ነው ብሎ ወሰኑን በእጁ አሳየው። ሁለቱም የአንድ ነቢይ ዘመዶች፥ የሁለቱም አባቶች በነጃሺ ጥላ ሥር የኖሩ ስደተኞች ነበሩ፤ የሚካሰሱበት ነገር ግን አልቀረም።

አንዳንድ ሰው ምሕረቱን ለምን አልተቀበለም ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ርስት እያለ ምሕረት መቀበል ዕዳውን ወደ ውለታ መለወጥ ነው፤ ውለታ ደግሞ ሰነድ የለውም፥ ይርጋም አያግደውም። በኋላ ዘመን ልጆቹን አባትህን ያዳንሁት እኔ ነኝ የሚላቸው ሰው አይጠፋም። ድኻ ለሆነ ወራሽ ግን ምሕረት ከአላህ የመጣ ሲሳይ ነው፤ እምቢ ማለት አይገባውም።

እንዲህ እየሸጠ ዕዳውን ሁሉ ከፈለ፤ ከአልጋባም አራት ዕጣ ተኩል ተረፈ። ይህን ይዞ ወደ ሙዓዊያ ሄደ፤ በዚያም የገዛ ወንድሙ ሙንዚር አንዱን ዕጣ፥ ዐምር ኢብን ዑስማን አንዱን፥ ኢብን ዘምዓ አንዱን፥ እያንዳንዳቸው በ100,000 ወሰዱ። ሙዓዊያ የቀረውን አንድ ዕጣ ተኩል በ150,000 ገዛ። ወንድም ከወንድሙ በባዕድ ዋጋ መግዛቱን ልብ በል፤ ለሙንዚር ቅናሽ አልተደረገለትም፤ የሌሎቹ ወራሾች መብት አለበትና። ኢብን ጀዕፈር ደግሞ በ400,000 ዕዳ የወሰደውን መሬት በኋላ ለሙዓዊያ በ600,000 ሸጠው። ዙበይርን ያመነ አልከሰረም።

አሁን የወራሾች ተራ መጣ። ዕዳው ተከፍሏል፥ ርስታችንን አካፍለን አሉት። ዐብደላህ ግን እንቢ አላቸው። በሐጅ ወራት ከየሀገሩ ሕዝብ ሲሰበሰብ፥ በዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣና እንክፈለው ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ሳያስነግር እንደማያካፍል ነገራቸው። አስበው፤ ያን ጊዜ ጋዜጣ የለም፤ የአባቱ ንግድና ዘመቻ ከግብፅ እስከ ዒራቅ ደርሷል፤ ሁሉም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኝበት ሥፍራ መካ ብቻ ነበረ። ወንድሞቹና የአባቱ ሚስቶች በትዕግሥት ማጣት ምን ያህል እንደ ተናገሩት መገመት ይቻላል፤ ርስቱ በዓይናቸው ፊት ነው፥ መንካት ግን አይችሉም። በየዓመቱ አስነገረ። አራቱ ዓመት አለፈ።

ይህ የአራት ዓመት ጥበቃ የዐብደላህ የግሉ ጥንቃቄ ነው እንጂ በአንተ ላይ የተደነገገ ልክ አይደለም። ሥርዓቱ ግን ያው ነው፤ ቁርኣን የውርስን ድርሻ ባወጣበት ሥፍራ ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑን ያስራል። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውርሱ ሀብት በመጀመሪያ የቀብሩ ወጪ፥ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ፥ ከዚያም የሟቹ ዕዳ እንዲከፈል፥ የኑዛዜ ስጦታ ከነዚህ በኋላ እንዲመጣ ያዛል። ወራሾች የውርስ አጣሪ እንዲሾምላቸው ለፍርድ ቤት ቢያመለክቱ፥ አጣሪው ሊሠራ የሚገባው ዐብደላህ በአልጋባ ሜዳ የሠራውን ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ባለዕዳው ካላመነ ወይም መሐላ ካልተደረገበት በቀር ያለ ጽሑፍ አይረጋገጥም፤ ቤትን የሚመለከት ውልም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የቤት መያዣም ካልተመዘገበ አይጸናም። ቤቱ በቀኑ ካልተከፈለልኝ ለኔ ይሁን ብሎ አስቀድሞ መዋዋልም በዚያው ሕግ ፈራሽ ነው፤ ባንክ ግን በ1990 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 97 መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቤትህን ለባንክ ስታስይዝ የምታስይዘው የልጆችህን ጣሪያ መሆኑን አትዘንጋ።

የውርስና የወቅፍ ነገር፥ ሟቹ እስላም ከሆነና ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን በግልጽ ከሰጡ፥ በ1992 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 188 በጸናው በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ቀድሞም በ1934 ዓ.ም. የቃዲዎች ዳኝነት በዐዋጅ ታውቆ ነበረ። አንዱ ወገን ካልፈቀደ ግን ነገሩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወንድማማቾች በየትኛው ፍርድ ቤት እንሟገት ብለው መሟገት የጀመሩ እንደ ሆነ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ታውቀዋለህ።

በአምስተኛው ዓመት ዐብደላህ ወራሾቹን ሰበሰበ። አባቱ የተናዘዘውን ሲሶ አስቀድሞ አወጣ፤ የቀረውን በድርሻቸው አካፈለ። ዙበይር አራት ሚስቶች ትቶ ነበረና፥ ከስምንት አንድ የሆነውን ድርሻቸውን ለአራት ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 1,200,000 ደረሳቸው። አውሪው የሀብቱን ጠቅላላ 50,200,000 ብሎ ጽፎታል። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ግን የሚስቶቹን ድርሻ ወደ ላይ እያባዛ፥ ሲሶውንና ዕዳውን ጨምሮ ቢደምር 59,800,000 ያገኛል። የሐዲስ ሊቃውንትም ይህን ልዩነት አይተውታል፤ ከሰጡትም ማስረጃ አንዱ፥ ዙበይር በሞተበት ቀን የነበረው ሀብት ሳይከፋፈል በቆየባቸው በእነዚያ በአራት ዓመታት ውስጥ ርስቱ እያፈራ ጨመረ የሚል ነው።